የቅባት ዋጋ

ጎህ ሳይቀድ ሚዛኔን ደጅ ላይ አቆማለሁ፤
ጣሳ ሲንኳኳ፣ ማን እንደ መጣች፣ በኮቴዋ አውቃለሁ።
ሲርሳ ነው አገሩ፣ ከአሸዋው በረሃ ወዲህ፣ ጥጥ ያለበሰው፤
ጎሹን እንደ ላም አልቦ፣ እንደ ልጅ አጥቦ፣ የሚያድርበት ሰው።

የወተት ማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ፤ ዳሊፕ ይሉኛል፤
ሥራዬ ቀላል ነው፦ ጠብታ ለማሽኑ፣ እሱ ቁጥር ይሰጠኛል።
ቁጥሩ የቅባት ነው። አምስት ከሆነ አምስት፣ ስምንት ከሆነ ስምንት፤
የወፈረ ወተት፣ የወፈረ ሒሳብ፣ በየዐሥር ቀናት።

ፉልዋቲ ላይ ማንም አይደርስባትም፤
ስምንት፣ ስምንት ነጥብ ሁለት፤ አንድ ቀን አልወረደባትም።
“ምን ታበያታለሽ?” ቢሏት፣ “ደመወዜን” ትላለች፤
እውነቷን ነው፤ የባለመሬቱን ጥጥ አርማ፣ አረሙን ይዛ ትገባለች።
ገንዘብ አይከፍሏትም። የነቀለችው ሣር፣ እሱ ነው ክፍያዋ፤
ጥጡ ለፋብሪካ፣ አረሙ ለጎሿ።

በዚያው ጥጥ መሐል፣ በየሳምንቱ፣ ሰው በጀርባው ጋን አዝሎ
ይረጫል፣ ይረጫል፣ አፍንጫውን በሻሽ ጠቅልሎ።
ትሉ ይሞታል። ሣሩ አይሞትም፤ እንደ ጤዛ ይዞት ያድራል፤
እርጥብ ሣር ለጎሽ መልካም ነው፣ በማለዳ ይታጨዳል።

በመስከረም ግድም ከከተማ ላቦራቶሪ፣ ኒሃሪካ የምትባል
ልጅ እግር መጣች፤ የበረዶ ሣጥኗ በብልቃጥ ተሞልቷል።
ከየጣሳው ቀዳች፣ ቁጥር ጻፈች፣ አመስግና ሄደች፤
ወር አልሞላትም፣ ወረቀት ይዛ ተመለሰች።

ያነበብኩት እኔ ነኝ። ዐሥራ ሰባተኛው ጣሳ፤ ከተፈቀደው በአራት እጅ ይበልጣል።
ጮክ ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ቁጥሩ ላይ ስደርስ ድምፄ ይሟሽሻል።
“እኔ ረጭቼ አላውቅም” አለች ፉልዋቲ። “እናውቃለን” አለች ልጅቱ።
“ባፈላውስ?” “አይለቅም።” “ብንጠውስ?” “ከስብ ነው ዝምድናው፣ ከስብ ነው ቤቱ፤
ከቅቤው ጋር ይወጣል። አጓቱ ይቀላል፣ ቅቤው ይከብዳል።”
ማሽኔን አየሁት። እሱ ቅባት ያያል፣ ቅባት ይቆጥራል፣ ለቅባት ይከፍላል።

እሷ ግን ማሽኑን አላየችም፤ በሐሳቧ ያየችው መደርደሪያዋን፣
አራት ወር ሙሉ አንጥራ የሞላችውን፣ በጨርቅ ያሰረችውን ማሰሮዋን።
ለሱሬሾ ነበር፣ ለበኩር ልጇ፣ ለአራሷ፤
በቅቤ ነውና፣ በእኛ ወግ፣ የወላድ መታደሷ።

አንድ ብልቃጥ ተርፎ ነበር። ኒሃሪካ አፍራ፣ ጎንበስ ብላ፣
“ከጡትሽ፣ ጥቂት” አለቻት፤ ሱሬሾ ተቀበለች፣ ሕፃኑን ወደ ጎን አዝላ።
ብልቃጡን በጣቷ አገላበጠች።
“ቢገኝበትስ? ምን ልስጠው በሱ ፈንታ?”
መልስ አልነበረም። ብልቃጡ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ፣ ባዶውን፣ በዝምታ።

ሥራ አስኪያጁ በስልክ፦ “ምን ችግር አለው? ከመቶ መንደር ወተት ጋር ሲደባለቅ
ይሳሳል፣ ከልኩ በታች ይሆናል፤ ይልቅ ቦቴው ቶሎ ይልቀቅ።”
በሒሳብ ልክ ነው። ሳስቶ ሁሉም ይጠጣዋል፤
አንዲት ሴት የምትሸከመውን፣ አገር ይካፈለዋል።
የፉልዋቲ ቤት ግን አይደባለቅም፤ ያችው ጎሽ፣ ያው ጽዋ፣
ያው አረም፣ ያው ማለዳ፣ ያው የምትቆርሰው እንጀራዋ።

ላሙ በሰማይ የሆነበት፣ ወተቷን አላየሁም ብሎ ያዝናል፤
የእኛዋ ከደጅ ናት፣ ወተቷም ከእጃችን፤ የማናየው ከወተቱ ውስጥ ይዋኛል።

ማሰሮውን ምን አደረገችው? ለውሻ አልሰጠችም፤
አማልክቷ ፊት ልታበራውም አፈረች፣ አልደፈረችም።
ሲመሽ ጉድጓድ ምሳ ቀበረችው፣ እንደ ጭንጋፍ፣ ያለ ለቅሶ፤
በማግሥቱ አረም ወጣች፤ የጎሽ ረኃብ ወረቀት አያነብም ጨርሶ።

ዛሬም ጎህ ሳይቀድ መጣች። ጠብታዋን ለማሽኑ ሰጠሁት፤
አጉረመረመ፣ ስምንት ነጥብ አንድ አለ፤ መዝገብ ላይ ጻፍኩት።
“አልወረደም?” አለች።
“አልወረደም” አልኳት።
የሚቀጥለውን ስም ልጠራ አፌን ከፈትኩ፤
እሷ ግን እጇን ከሚዛኑ አላነሣችም፤ ሂጂም አላልኳት።